ቮልሳችን አንቲክ ናት ወይስ አሮጌ? ስለ አንድ የመኪና ምርመራ አገልግሎት

ኢንሹራንሱ አንድ ወረቀት ጠየቀኝ፤ መኪናዋ ታሪካዊ መሆኗን የሚያረጋግጥ የባለሙያ ሪፖርት። ሪፖርቱ ካለ የመኪናዋ ዋጋ አስቀድሞ በስምምነት ይቆረጣል። ከሌለ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና በየዓመቱ እርጅና ይቀነስላታል። ከአጎቴ የወረስኳት ቮልስ በዚህ ሁለተኛው ሂሳብ ብትሄድ አራቱ ጎማዎቿ ከእሷ ሳይበልጡ አይቀሩም። ስለዚህ አሮጌ መኪና እየመረመሩ "ይሄ አንቲክ ነው፣ ይሄ አይደለም" የሚሉ ሰዎች ዘንድ ወሰድኳት። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ከአምስት ኮከብ ግን ሦስት ተኩል ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሦስቱን ያገኙት አንድ ሰው ናቸው።

ከታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፋብሪካ ቁጥር ውስጥ የተቆለፉ ስለሆኑ ሌላ ምርጫ የለኝም።

ቀጠሮ ማስያዙ ቀላል ነው። ቅጹ ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ሞልቶ መገላገል ነው። ወደ ምርመራው ልግባ።

መርማሪው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ሲያዩአት ፈገግ አላሉም፣ "ወይኔ ቮልስ!" አላሉም። ቮልስ ይዤ ስሄድ ይህን የማይል ሰው ብዙም አይገጥመኝም።

"ስንት ዓመቷ ነው?" አሉኝ።

"የ66 ናት፣ ጋሼ።" ቤታችን ውስጥ ሁሌም እንዲህ ነው የሚባለው።

"የ66 ናት ያለው ማነው? ፋብሪካው ነው፣ ሊብሬው ነው ወይስ አጎትሽ?"

መልስ አልጠበቁም። የኋላ መቀመጫውን አነሱና በባትሪ መብራት መሀል ለመሀል የሚያልፈውን የሻንሲ ጀርባ ያበሩ ጀመር። ቮልስ ላይ የሻንሲው ቁጥር የሚመታው እዚያ ነው። የእኛ በ117 ይጀምራል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ እስከ 1969 ድረስ ያሉት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ፤ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አሃዝ። ስለዚህ 117 ማለት የ1967 ሞዴል ቮልስ ማለት ነው። ግን ፋብሪካው አዲሱን ሞዴል ማምረት የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነበር። ተከታይ ቁጥሯን ከሠንጠረዥ ጋር ሲያስተያዩት የተሠራችው በ1966 የመጨረሻ ወራት ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ሊብሬው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበችው በ1968 ነው ይላል።

አንድ መኪና፣ ሦስት የልደት ቀን።

ለእኔ ቮልስ ዕድሜ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ በየትኛውም ብትቆጠር ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፏታል። ድንበሩ ላይ ላለ መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጀርመን መኪናን ታሪካዊ ብላ ልዩ ታርጋ የምትሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገበ 30 ዓመት ሲሞላው ነው። ብሪታንያ የመንገድ ግብር የምታነሳው በ40 ዓመት ሲሆን ቆጠራው ከተሠራበት ጊዜ ይነሳል። አሜሪካ ከውጭ የሚገባ መኪና የደህንነት ደረጃዋን ማሟላት ግዴታው እንዳይሆን 25 ዓመት ትጠይቃለች፤ እዚያ ወሩ ሳይቀር ይታሰባል። በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ የአንቲክ መኪናዎች ክበብም 25 ዓመት የሞላውን ይቀበላል። ፊቫ የሚባለው የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደግሞ 30 ይላል። ስለዚህ 35 ዓመት የሞላው መኪና ያለው ሰው አንዱ በር ተከፍቶለት ሌላው ተዘግቶበት ቢያገኘው አይገረም።

ጋሼ ይህን ሁሉ የነገሩኝ መኪናዋ ስር ተኝተው ነው። "አንቲክ ነወይ ብለሽ አትጠይቂ" አሉ ከስር። "አንቲክ ነወይ ብሎ የሚጠይቅሽ ማነው? እሱን መጀመሪያ እወቂ።" የአገልግሎቱ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነበር። ሪፖርቱም በዚሁ መንገድ ነው የተጻፈው። ለኢንሹራንስ አንድ መልስ፣ ለአሰባሳቢዎች ክበብ ሌላ መልስ፣ ለመንግሥት ምዝገባ ሌላ መልስ አለው። ከዚህ በፊት ያየኋቸው ሰርተፊኬቶች አንድ ማህተም መትተው ይገላገሉ ነበር።

ደግሞ በየዓመቱ ወደፊት የማይራመድ ድንበርም አለ። ከለንደን እስከ ብራይተን በሚደረገው የድሮ መኪናዎች ጉዞ ላይ የሚፈቀደው ከ1905 በፊት የተሠራ ብቻ ነው። አንድ ታዋቂ የአሜሪካ ክበብ ክላሲክ የሚለው ከ1915 እስከ 1948 ባሉት ዓመታት የተሠሩትን የተመረጡ የቅንጦት መኪናዎች ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ቮልሳችን መቶ ዓመት ብትጠብቅም አትገባም። በዚህ እኔ ቅር አልተሰኘሁም፤ ወንድሜ ግን በጣም ተናደደ።

ጋሼ ዕድሜውን ካበቁ በኋላ ነው ዋናው ሥራ የተጀመረው። ቮልስ በዕድሜ ብቻ ለመፍረድ አስቸጋሪ መኪና ነች። ከ1938 ጀምሮ ያው ቅርጽ ነው። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው፤ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። ስለዚህ ከሩቅ አይቶ "ይቺ የድሮ ናት" ማለት አይቻልም። መንገድ ላይ የምታዩአት ቮልስ ከአንዳንድ ስልክ ያላት ዕድሜ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ቅርጿ የአያት ነው፣ ዕድሜዋ ግን የልጅ ልጅ።

ስለዚህ የሚታየው ዝርዝሩ ነው። የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከ1953 መጋቢት በፊት ናት። እንቁላል ቅርጽ ከሆነ እስከ 1957። የፊት መብራቷ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ከተቀመጠ በአውሮፓ ገበያ እስከ 1967 ክረምት ድረስ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከዚያ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ ቀና ብለው የፊት መብራቷን አዩ። ቀጥ ብሎ የቆመ ነው።

"ፊቷ የእሷ አይደለም" አሉ።

እውነትም አይደለም። አጎቴ አንድ ጊዜ ከፊት ተገጭቶ ሁለቱንም የፊት ጭቃ መከላከያዎች ቀይሯል። የተገኘው የኋለኛው ሞዴል ስለነበረ እሱን አስገጠመ። ልጅ ሆኜ ጀምሮ የማውቃት በዚህ ፊቷ ነው።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞሩ። የሞተር ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ስር ነው የሚመታው። በዚያ ዘመን የባለ 1300 ሲሲ ሞተሩ ቁጥር በኤፍ ፊደል ይጀምራል። የእኛ የሚጀምረው በኤ እና ዲ ነው፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣ 1600። መብራቷም ከ6 ቮልት ወደ 12 ተቀይሯል። የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያቸውን በላሜራው ላይ በየቦታው ያስቀምጡ ጀመር። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) አካባቢ ነው። ጣሪያዋ ላይ ጥሩ ነበር። በሩ ስር ቁጥሩ ሺህ አልፎ ሄደ። "ስቱኮ" አሉና ጻፉ፤ ከቀለሙ ስር የተለጠፈ መሙያ ማለታቸው ነው። እንደ ሐኪም ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ወለሉን ለማየት ባትሪውን ከቦታው አነሱ። ቮልስ ላይ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ስር በስተቀኝ ነው፤ አሲዱ ከፈሰሰ የሚበላው ያንን ላሜራ ነው። የድሮ ቮልስ ልትገዙ ከሆነ ከሁሉ በፊት እዚያ እዩ። ቀለሙ ቢያብረቀርቅም አትመኑ። የእኛ በአዲስ ላሜራ ተተክቷል፤ ብየዳው ንጹህ ነው ተብሎ ተመዘገበ። ጎማዎቹንም አልዘለሉም። ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 1419 ማለት የ2019 አሥራ አራተኛ ሳምንት ነው። "መኪናዋ ታርጅ፣ ጎማዋ ግን አንቲክ እንዳይሆን" አሉኝ። የሳቁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሞተሯ ከአንዷ፣ ፊቷ ከሌላዋ፣ ወለሏ አዲስ። አበቃላት ብዬ ነበር። ጋሼ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ሞተሩ የተቀየረው መቼ ነው?"

ጥያቄው የመጣው ከጀርመኖቹ መመዘኛ ነው። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የተደረገ ለውጥ፣ ወይም በዚያ ዘመን ሊደረግ ይችል የነበረ ለውጥ ተቀባይነት አለው። የዘመኑ ሰው በዘመኑ ዕቃ የሠራው ነውና የመኪናው ታሪክ አካል ሆኖ ይቆጠራል። ትናንት የገባ ዘመናዊ ሞተር ግን እንዲህ አይታይም። አጎቴ ወረቀት የማይጥል ሰው ነበር። ከሊብሬው ጋር ካስቀመጣቸው ደረሰኞች ውስጥ የ1975 የጋራዥ ደረሰኝ ወጣ፤ ሞተር መቀየሩንና 12 ቮልት መሆኑን በእጅ ጽሑፍ ይናገራል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት። ፎቶ አነሱት። ከመኪናዋ ከማንኛውም ክፍል በላይ ያቺን ብጣሽ ወረቀት ነው በጥንቃቄ የያዟት።

ፍርዱ እንዲህ መጣ። ለኢንሹራንስ፦ ታሪካዊ ናት፣ በዘመኗ የተሻሻለች፣ ሁኔታዋ ከአምስት ደረጃ ሦስተኛው። ለክበብ፦ የፊት ክፍሏ ከሞዴል ዓመቷ ጋር ስለማይሄድ በኦሪጅናል ምድብ አትወዳደርም። እኔ በሁለቱም እስማማለሁ። ኢንሹራንሱም ተቀብሎታል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

አንደኛ፣ ሪፖርቱ ከተባለው ቀን በጣም ዘገየ። ስደውል የሚመልሰው ሰው ሁሌም "ፊርማ ላይ ነው" ይላል። ፎቶዎቹ ደግሞ ጨለማ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩ ፎቶ ላይ 117 መሆኑን የምታውቁት አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅጹ ላይ "በየቀኑ ትነዳለች? አዎ/አይ" የሚል ሳጥን አለ። የፊቫ ትርጉም ታሪካዊ መኪና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ መሆን የለበትም ስለሚል ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን በሳምንት አንዳንዴ ወደ ሥራ እሄድባታለሁ፣ አንዳንዴ ለሳምንታት ትቆማለች። ይህን የምጽፍበት መስመር የለም። የቢሮው ልጅ "አይ በይና ተገላገይ" አለኝ። ለኢንሹራንስ በሚቀርብ ሰነድ ላይ እንዲህ ዓይነት ምክር አይሰጥም። እኔ በእስክሪብቶ ዳር ላይ ጻፍኩት፤ እነሱም ሪፖርቱ ላይ ቃል በቃል አስገቡት። ይህን በማድረጋቸው አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ነው ኮከብ ያስቀነሰኝ። ሪፖርቱ በደረሰኝ ማግስት ከዚያው ድርጅት ስልክ ተደወለ። "የፊት ክፍሏን ወደ ኦሪጅናል እንመልስልዎታለን፤ ሙሉ ቀለም ጭምር።" ለካስ የእድሳት ጋራዥም አላቸው! የሚፈርደውና የሚያድሰው አንድ ቤት ሲሆን "ይሄ ኦሪጅናል አይደለም" የሚለው ቃል ማስታወቂያ ይመስላል። ጋሼን አልጠረጥራቸውም፤ የጻፉት ሁሉ ራሴ አይቼ የማረጋግጠው ነበር። ሌላ ሰው ግን እንዴት ያረጋግጣል? ይህን ግንኙነት ከመጀመሪያው ቅጹ ላይ ሊነግሩን ይገባ ነበር።

ሙሉ ቀለም የሚለውንም አልፈለግሁትም። የጣሪያዋ ቀለም የፋብሪካው ነው፣ ደብዝዟል እንጂ አለ። የፊቫ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች አጠባበቅ መመሪያ የሆነው የቱሪን ቻርተርም የሚለው ያለውን ማቆየት ከማደስ ይቀድማል ነው። ቀለም በማንኛውም ቀን ሊቀባ ይችላል፤ የ1966ቱን ቀለም ግን ከተፋቀ ማንም አይመልሰውም። የፊት መብራቱን በተመለከተ ወንድሜ ይቀየር ይላል፣ እኔ ይቆይ እላለሁ። ገና አልተስማማንም።

እንግዲህ ማን ይሂድ? ለኢንሹራንስ ወይም ለምዝገባ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ይሂድ፤ ሥራው ጠንካራ ነው። "የድሮ መኪና አለኝ፣ ስንት ያወጣልኛል" የሚል ሰው ባይሄድ ይሻላል፤ የሚሰጡት የገበያ ዋጋ ግምት ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ማስረጃም የለውም። ከመሄዳችሁ በፊት ያላችሁን የድሮ ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቡ፣ የቆሸሸና የተቀደደም ቢሆን። ቮልስ ከሆነች ደግሞ በጀርመን ቮልፍስቡርግ ያለው የፋብሪካው ማህደር በሻንሲ ቁጥር የትውልድ ሰርተፊኬት ሲሰጥ ቆይቷል፤ የተሠራችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን ይነግራችኋል። እኔ አሁን እሱን እየጠበቅሁ ነው። መርማሪ ስትመርጡ ጋሼን በስም ጠይቁ፤ ሌላኛው ወጣት ልጅ መኪና ስር ሲገባ አላየሁትም። የቀለም መለኪያውን ሙሉ ሠንጠረዥም በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ሪፖርቱ ውስጥ አያስገቡትም።