ስምንት ወር ከጥቁሯ መፍቻ ጋር

የሳይክል ጎማ ቤቴ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጎማ ስል ላስቲኩን አይደለም፤ መሃል ያለውን ሞዞ፣ ዙሪያውን ያለውን ቸርኬና ሁለቱን የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ስፖኮቹን ማለቴ ነው። እስካሁን ባለ 32 ስፖክ አራት ጎማ ሠርቻለሁ፤ ሦስት የፊት፣ አንድ የኋላ። መሣሪያ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ገንዘባችሁን ስፖክ መፍቻው ላይ አውጡ።

እኔ በርካሹ ነው የጀመርኩት። ክብ፣ ዙሪያውን ብዙ ልክ ያለው መፍቻ። ስፖኩ ላላ እያለ ችግር የለውም። ሲወጠር ግን ይንሸራተትና የኒፕሉን፣ ማለትም ስፖኩን ቸርኬው ላይ የሚያጠብቀውን ትንሽ ዳዶ፣ ጠርዝ ይበላዋል። በመጀመሪያው ጎማ ስድስት ኒፕል አበላሸብኝ። ጠርዙ ካለቀ በኋላ ፒንሳ እንኳ በቅጡ አይዘውም፤ ስፖኩን ቆርጦ መጣል ነው።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ፓርክ ቱል የሚባለውን የሳይክል መሣሪያ ድርጅት ጥቁር መፍቻ አመጣልኝ። አፏ 3.23 ሚሊሜትር ነው። የአረንጓዴዋ 3.30፣ የቀይዋ 3.45 ነው። በዓይን አይለይም፤ እጅ ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ሳትገዙ በፊት ኒፕላችሁን በካሊፐር ለኩ። ጥቁሯ እስከ ዛሬ አንድ ኒፕል አልበላችብኝም።

ጎማ ማቃኛ ማቆሚያ አልገዛሁም፤ አልቆጨኝምም። ሳይክሌን እገለብጥና ጎማውን በሚይዘው ሹካ፣ ፎርኩ ላይ፣ ግራና ቀኝ የፕላስቲክ ማሰሪያ አስራለሁ። ጫፋቸውን ቸርኬውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው እቆርጠዋለሁ። ጎማውን ሳዞረው የተወላገደው ቦታ ማሰሪያውን ጫር ያደርገዋል። እዚያ ጋ ያለውን ኒፕል ሩብ ዙር ብቻ! አንድ ሙሉ ዙር እንኳ ኒፕሉን ስፖኩ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር አያስኬደውም። መሃል መሆኑን ለማየት ጎማውን አውጥቼ ግራውን ወደ ቀኝ አዙሬ እመልሰዋለሁ። ክፍተቱ ካልተለወጠ መሃል ላይ ነው። ከፊት ጎማ ጀምሩ፤ የኋላው በሰንሰለቱ ጥርስ ወገን ያሉት ስፖኮች ይበልጥ ስለሚወጠሩ ለጀማሪ ይከብዳል።

የኒፕሉን ጥርስ የተልባ ዘይት ቀቡት። ስታጠብቁ ያለሰልሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንዳይላላ ይይዛል።

አያስፈልግም ብዬ ኋላ ሐሳቤን የቀየርኩት በስፖክ ውጥረት መለኪያው ላይ ነው። የሰፈራችን ሳይክል ሠሪ ጋሼ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ስማው» ብለው ስፖኮቹን እንደ ክራር አንድ በአንድ በጥፍራቸው መቷቸው። እኩል የተወጠሩት እኩል ይጮኻሉ። እኔም በጆሮዬ ብቻ ሠራሁ፤ ድምፁ አንድ ዓይነት ሆነልኝ። ግን ኮብልስቶን ላይ በሁለት ወር ሁለት ስፖክ ተበጠሰ፣ ሁለቱም ሞዞው ጋ ከመታጠፊያቸው። ጆሮ እኩል መሆናቸውን ይነግራል፤ ምን ያህል እንደተወጠሩ ግን አይነግርም። በሦስተኛው ወር መለኪያ ገዝቼ ቁጥሩን ከሰንጠረዡ ጋር ሳስተያየው 70 ኪሎ አካባቢ ነበር። ቸርኬው እስከ 120 ይችላል። የላላ ስፖክ በየዙሩ እየተለጠጠ እየላላ ነው የሚደክመው። ሁሉንም ወደ 110 አመጣኋቸው። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር በዚያው መንገድ ነድቼዋለሁ፤ አንድም አልተበጠሰም።