ዘፈን ገና ሊጥ ሳለ የሚሰማባት ቤት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት የማሲንቆ ቤት አለች። በሯ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ከታች ጨርቅ ይሸጣል። በጎን ያለውን የእንጨት ደረጃ ወጥታችሁ መጋረጃውን ስትገልጡ ገባችሁ ማለት ነው። ከጥቅምት ወዲህ ስድስት ቅዳሜ ሄጃለሁ። ስለዚህ የምጽፈው የአንድ ምሽት ሞቅታ ይዞኝ አይደለም።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ልብስ እሰፋለሁ። ሬዲዮው ከማሽኔ አጠገብ ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተ ይውላል። በዘፈን ነው የምኖረው ብል ማጋነን አይሆንም። ግን ዘፋኝ ፊት ለፊት ቆሞ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ሲያወጣው ማየት ሌላ ነገር ነው። የመድረክ ዘፈን አለ ከተባለ እግሬ አይቀርም። ኳስ ሜዳ ላይ በተዘጋጀ ኮንሰርት አምስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ፣ ዘፋኙን ጥፍሬን አክሎ አይቼው ተመልሻለሁ። እሱንም አልጠላሁትም። ያ ሁሉ ሰው አንድ አዝማች አብሮ ሲቀበል ደረት ውስጥ የሚገባ ነገር አለ። ይቺ ቤት የምትሰጠው ግን ከዚያ ይለያል። እዚህ ዘፈኑ ሲሠራ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ ልናገር፤ ከሙዚቃው ጋር ይገናኛልና። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ግን አገር የቀየራችሁ ያህል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው የተቀመጠችው። ጉሙ አመሻሽ ላይ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍን ኮምቦልቻ በቲሸርት የዋለ ሰው ጋቢ ይመኛል። ይህ እርጥበት ሰውን ብቻ ሳይሆን ማሲንቆንም ይይዛል። የማሲንቆ ሆድ በቆዳ የተለበጠ ነው። ቆዳው እርጥበት ሲያገኘው ይላላል። የላላ ቆዳ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ያጉረመርማል እንጂ አይዘፍንም።

ለዚህ ነው በጊዜ ሂዱ የምለው። ዘፈኑ የሚጀምረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እኔ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እገባለሁ። ያን ጊዜ ቡና እየተፈላ ነው። ማሲንቆ የሚመታው ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ከረከቦቱ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣል። ማሲንቆውን ያነሳና ቆዳውን ወደ ከሰሉ ያዞረዋል። አያስጠጋውም፤ አንድ ክንድ ያህል ያርቀዋል። ቀስ እያለ ያገላብጠዋል፣ እንጀራ እንደምትሞቅ። በየመሐሉ በጥፍሩ መታ መታ ያደርገዋል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ዱብ ዱብ ነው። ቆይቶ ይጠራል። ሲጠራለት ፊቱ ላይ ይታወቃል። ከዚያ ከረከቦቱ አንዲት ፍሬ ዕጣን ያነሳና የመምቻውን ጭራ ያሽበታል። ጭራው ያለ ዕጣን አውታሩን አይዝም፤ ያንሸራትታል። ማሲንቆ ያለው አንድ አውታር ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። ጭራ በጭራ ላይ ነው የሚሄደው። ያንን ሁሉ ልቅሶ፣ ያንን ሁሉ ሳቅ የሚያወጣው ከአንድ አውታር ነው። እኔ ይህንን እያየሁ ዘፈኑ ሳይጀመር እንባዬ የመጣበት ቀን አለ።

የመጀመሪያው ክፍል ያለ ማይክ ነው። ይህ ለእኔ የቤቷ ትልቁ ነገር ነው። አርባ ሰው ቢይዝ ነው ክፍሉ። ጭራው አውታሩን ሲፍቅ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ፣ የጋሼ ትንፋሽ፣ የክራሩ ልጅ እግሩን ወለሉ ላይ ሲመታ፣ ሁሉም ይሰማል። በስልክ ስሰማው የኖርኩት ዘፈን ለካ ግማሹ ተገፎ ነበር።

የክራሩ ልጅ ወጣት ነው፤ ሃያ ዓመት ቢሞላው። ቅኝት፣ ማለትም የአውታሮቹን የድምፅ አደራደር፣ ሲቀይር አይደበቅም፤ ሰው ፊት ነው የሚቀይረው። አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ሁሉንም አውታር አይነካም። ሦስቱን ብቻ ትንሽ ትንሽ ያከርራቸዋል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ሦስተኛው አውታር ቦታውን ሲይዝ፣ ገና ምንም ሳይዘፈን፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው “እህህ” ሲል ሰምቻለሁ። አገሬው ነው፤ ቅኝቱን በጠረኑ ያውቀዋል። ባቲ እኮ ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ስትወርዱ የምትገኝ ከተማ ናት። አምባሰልም ከሐይቅ አለፍ ብሎ ያለ አገር ነው። በአገራችን ስም የሚጠራ ቅኝት በአገራችን ሲደመጥ የሚሰጠው ስሜት አለ፤ በሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

አምባሰል ሲባል ማሪቱ ለገሰ ትዝ የማትለው ሰው በእኛ አገር ያለ አይመስለኝም። እዚህ ቤት የምትዘፍነው ልጅ ይህንን ታውቃለች። አትኮርጅም። ብዙ ቤት ሄጄ የሰማሁት የማሪቱን ድምፅ ለመምሰል የሚደረግ ትግል ነው። ይቺ ልጅ ግን ድምፅዋ ወፈር ይላል፤ ከፍ ሲል ትንሽ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን አትሸፍነውም። እዚያ ላይ ቆማ ትንሽ ትቆያለች። እኔ የምጠብቀው እሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለዚህች ቤት ይህን ሁሉ የምጽፍላት በአንድ ዘፈን ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜዬ ላይ ልጅቱ በባቲ አንድ ዘፈን ዘፈነች። ሰምቼው አላውቅም። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው ቀጠሮው፣
ማክሰኞ ደረስኩኝ እግሬን ምን አሰረው።

የባቲ ገበያ ሰኞ መሆኑን የማያውቅ የለም። ማክሰኞ የደረሰ ሰው ሜዳውን ነው የሚያገኘው፤ ያደፈ ገለባና የግመል ፋንድያ። ይህ ሁሉ ስዕል በሁለት ስንኝ ውስጥ አለ። የድሮ ዘፈን መሰለኝ፤ እንዴት አመለጠኝ ብዬ ተናደድኩ። እሑድ ኮምቦልቻ ስመለስ ስልኬ ላይ ስንኙን ጽፌ ፈለግኩ። የለም። ዘፈን ፍላሽ ላይ የሚጭንልኝ ልጅ ዘንድ ሄጄ አንጎራጎርኩለት። የወሎ ዘፈን እሱ የሌለው የለም። ሦስቴ አዘፈነኝና “እታለም፣ ይሄ ዘፈን የትም የለም” አለኝ። ያን ሳምንት ሙሉ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ እሱን ሳንጎራጉር ሰነበትኩ። አንዲት ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴትዮ ቃሉን ይዛው ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱን ቡናው ጋ ያዝኳት። የማን ነው አልኳት። “የኔ ነው፤ ገና አላለቀም” አለች። ያን ሳምንት ነበር ለካ የጀመረችው። ጋሼ ከአጠገቧ ሆኖ “ስንኙ እግሩ ላይ ቆሟል እንጂ ልቡ ጋ አልደረሰም” አላት። ተቆጥቶ አይደለም፤ እንደ አባት ነው የሚያርማት። እሷም ዝም ብላ ሰማችው።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ እንዲህ ሆኖ መጣ፦

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው ቀጠሮው፣
ማክሰኞ ደረስኩኝ ዋጋ ማን ጨመረው።

ሦስት ቃል ነው የተቀየረው። ግን ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ሆነ። በፊት ያረፈደች ሴት ነበረች። አሁን የተቀደመች ሴት ናት። ከላይ ሲሰማ የገበያ ወሬ ነው፤ ዋጋ ጨምሮ የወሰደ ሰው አለ። ከሥር ሲሰማ ግን የተወሰደው ዕቃ አይደለም። “ጨመረው” ስትል ያቺ የድምፅዋ ስንጥቅ መጣች። አጠገቤ የነበረ ትልቅ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ እጁን አፉ ላይ አደረገ። እኔ ይህ ዘፈን ሲወለድም፣ ሲቀየርም ነበርኩ። አዲስ ዘፈን ማግኘት እወዳለሁ ስል እስከዛሬ ያለቀ ዘፈን ፍለጋ ነበር የምሄደው። ሊጡ ሲቦካ አይቼ አላውቅም ነበር።

ታዳሚው ራሱም የቤቷ ሀብት ነው። ሰው ስንኝ ይሰጣል፣ ጋሼ “ተቀበል!” ሲባል ይቀበላል። አንድ ቀን የከባድ መኪና ሹፌር ይመስለኛል፣ አቧራው ከልብሱ ሳይራገፍ የመጣ ሰው፣ ከጥግ ሆኖ እንዲህ አለ፦

የሐረጎ ጉምስ ይገለጣል ሲነጋ፣
ያንቺን ሆድ አላየሁ ክረምት ሆነ በጋ።

ጋሼ ሁለቴ ደጋግሞ ተቀበለው። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ለማን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ከእኔ ጋር የምትሄደው ጓደኛዬ አልኮል አትቀምስም። ቡና ወይም ለስላሳ ይዛ እስከ መጨረሻው ትቀመጣለች፤ “ጨምሩ” ብሎ የሚጨቀጭቃት የለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሴቶች ብቻችንን ስንቀመጥ ሌላ ቦታ ምን እንደሚገጥመን እናውቀዋለን። እዚህ ባለቤቷ እትዬ ራሳቸው መጥተው “ልጆቼ፣ እዚህ ግድግዳው ጋ ሙቀት አለ” ብለው አስቀመጡን። አንዴ አንድ የሰከረ ሰው ጠረጴዛችን ላይ ተደገፈ። አስተናጋጁ ሳይጮህ፣ ትከሻውን ይዞ ወሰደው። ጓደኛዬ ያን ቀን ጋሼን መንዙማ፣ የእስልምናውን መንፈሳዊ ዜማ፣ ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። “እችላለሁ፤ እሱ ግን ቦታ አለው እታለም፣ መጠጥ ያለበት አይባልም” አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጋሼ ያላት ክብር ሌላ ሆነ።

የማልወደውንም ልናገር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ኦርጋን ይመጣል፤ ድምፅ ማጉያው ይከፈታል። ያን ለመሰለ ጠባብ ክፍል ያ ስፒከር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ኢኮው በዝቶ የልጅቱ ቃል አይሰማም። ቃሉ የማይሰማ ዘፈን ደግሞ ለወሎ ዘፈን ግማሽ ሞት ነው። ጋሼ በዚያን ሰዓት ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ ይይዛል። ሳየው ይከፋኛል። ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ወጣቱ መጨፈር ይፈልጋል አሉኝ። ይጨፍር። ግን ድምፁን ቢቀንሱት ጭፈራው የሚቀር አይመስለኝም። እኔ በዚያን ሰዓት ነው የምወጣው።

መጸዳጃ ቤቱ ከታች በጓሮ በኩል ነው፤ መብራት የለውም። የስልካችሁን መብራት ተጠቀሙ። ይህን ማስተካከል ብዙ ወጪ የለውም፤ ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ጥብሱ ይዘገያል፤ ሲመጣ ግን ትኩስ ነው። በጾም ቀን ሽሮው ይሻላል። መግቢያ አይከፈልም። መጠጡ ከታች ካሉት ቤቶች ወደድ ይላል፤ የሙዚቃው ዋጋ ያ ነው ብዬ እከፍላለሁ። ለዘፋኞቹ የምትሰጡትን ግን በእጃቸው ስጡ። ግንባር ላይ መለጠፍ የለመደ አለ፤ ልጅቱ በእጅ ሲሰጣት ደስ እንደሚላት አይቻለሁ።

ከኮምቦልቻ ለምትመጡ፣ ማታ እመለሳለሁ ብላችሁ እንዳትወጡ። ሐረጎን በጉምና በሌሊት መውረድ አይመከርም። እኔ እዚያው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር አክስቴ ቤት ነው የማድረው። ጋቢ ያዙ። መቀመጫ ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ሆናችሁ የጋሼን እጅም የልጅቱን ፊትም ታያላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ስወጣ ልጅቱ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ። ፍላሽ የሚጭነው ልጅ የትም የለም እንዳለኝ ነግሬያት ነበር፤ እሱን ይዛ ሳቀች። የዘፈኑን ሁለተኛ ክፍል ጀምሬዋለሁ አለችኝ። ሴትየዋ ባዶው ሜዳ ላይ ቆማ የምትለው ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ አለ፣ ሁለተኛው ስንኝ ግን ቤት አልመታልኝም አለች። ጆሮዬ ላይ አንጎራጎረችልኝ። ስንኙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ቅዳሜ በ10 ሰዓቱ ሚኒባስ እወጣለሁ።