ቺፒንግ ካምደን፦ ከለንደን ወጣ ለማለት
ከለንደን ግርግር ወጣ ብሎ መተንፈስ ለሚፈልግ ሰው ቺፒንግ ካምደን የምትባለውን ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ሳላቅማማ እመክራለሁ። ለንደን ካለው የፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ተሳፍራችሁ ሞርተን ኢን ማርሽ የሚባል ከተማ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ እንደ ልብ አይገኝም፤ የመመለሻውን ሰዓት ቀድማችሁ እዩ።

ልቤን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1627 የተሠራው የገበያ አዳራሽ ነው። ዙሪያውን ክፍት ነው፤ ጣሪያውን የተሸከሙት የድንጋይ ቅስቶች ናቸው። ድሮ ቅቤ፣ አይብና ዶሮ ይሸጥበት ነበር። ጎንበስ ብላችሁ ወለሉን እዩት። ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ በስንት ገበያተኛ እግር ተልጓል! መግቢያ የሚጠይቃችሁ የለም።

በሱፍ ነጋዴዎች ሀብት ያማረውን የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያንም አትለፉት። ሻይ ቤቶቹ ግን ኪስ ይጎዳሉ። እኔ ምሳዬን ቋጥሬ ነው የምሄደው።