ለፊዚክስ አስጠኚያችን ምስጋና፣ ሀዋሳ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከወራት በፊት ነው። "መጀመሪያ ውጤቱ ይምጣ" እያልኩ አቆየሁት። ባለፈው ሳምንት ተቀብለንሻል የሚለው ደብዳቤ ደረሳት። ትንሿ እህቴ አሜሪካ ውስጥ ኦፕቶሜትሪ (የዓይን ምርመራና የመነጽር ሙያ) ልትማር ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ የማመሰግነው እዚሁ አቶቴ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። "ፌስቡክ ላይ ስሙ በረጅሙ የሚጻፈው የሞተ ሰው ነው" ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ዲቪ ሲደርሰው እኔ 21 ዓመት አልፎኝ ስለነበር ቀረሁ። እሷ 8ኛ ክፍልን እንደጨረሰች ሄደች። እዚያ ኮሌጅ ገብታ ባዮሎጂ ስታጠና፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ "ኦፕቶሜትሪ እቀጥላለሁ" አለች። እኔን አልገረመኝም። ይህች ልጅ እስከ አራተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር አይታ አታውቅም። ሁሉንም ከጎኗ ከምትቀመጠው ልጅ ደብተር ነበር የምትገለብጠው። እኛ ደግሞ ሰነፍ ናት እያልን እንቆጣት ነበር። መጀመሪያ መነጽር ያደረገች ቀን ታቦር ተራራ ላይ ያሉትን ዛፎች በጣቷ እያሳየችኝ "ያችኛዋም ለብቻዋ ናት፣ ያችኛዋም ለብቻዋ ናት" እያለች ቤት ደረስን። ያን ቀን ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሰፈር ውስጥ ማስረዳት ያቃተኝ አንድ ነገር አለ። እኛ አገር ኦፕቶሜትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም፣ እዚሁ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። አሜሪካ ግን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ይይዛል፣ ከዚያ ኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ሌላ 4 ዓመት ይማራል። ሲጨርስ ዶክተር ኦፍ ኦፕቶሜትሪ ይባላል። ጎረቤት በተገናኘን ቁጥር "እስካሁን አልጨረሰችም እንዴ?" ይለኛል። ሦስት ጊዜ በዝርዝር አስረዳሁ። ከዚያ በኋላ "ትንሽ ቀርቷታል" ማለት ጀመርኩ። "ዓይን ልትቀድ ነው?" ለሚሉም መልሱ አይደለም ነው። ቀዶ ሕክምናው የሌላ ሐኪም ሥራ ነው። የእሷ ሥራ ዓይን መመርመር፣ መነጽር ማዘዝ፣ በሽታ ካለም በጊዜ ማግኘት ነው።

ለመግባት የሚጠየቀው ብዙ ነው። ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪው፣ ፊዚክሱ፣ ሒሳቡ፣ ስታቲስቲክሱ፣ ሳይኮሎጂው በጥሩ ውጤት ማለቅ አለበት። ኦፕቶሜትሪስት አጠገብ ቆሞ ሥራውን በዓይን ማየትም አለ። ሻዶዊንግ ይሉታል። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ጣጣው አያልቅም። ይህን ሁሉ እዚያው እየሠራች ነበር። የከበዳት ኦኤቲ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ነው። ሳይንሱ 100 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ንባብ አለ። ሒሳብ አለ። ፊዚክስ ደግሞ ለብቻው 40 ጥያቄ በ50 ደቂቃ። እያንዳንዱ ከ200 እስከ 400 ነው የሚሰጠው። ሒሳቡ ላይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ትንሽ ካልኩሌተር አለች። ፊዚክሱ ላይ እሷም የለችም።

ልጅቱ የተያዘችው እዚህ ጋ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ካልኩሌተር ይዛ ነው የተማረችው። ቀመሩን ታውቀዋለች። ቁጥሩ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ስልክ ይፈልጋል። በሙከራ ፈተና ላይ ከ40ው ግማሹን እንኳ ሳትነካው ሰዓቱ አለቀባት።

ለክረምት እኔ ጋ መጣች። መጀመሪያ የሄድነው አንድ የማስጠኛ ቦታ ነበር። የወሩን ክፍያ አስቀድመው ተቀበሉን። ከዚያ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጥራዝ ሰጥተው "ይህን ሥሪና ያልገባሽን ጠይቂ" አሏት። የሚጠየቀው ሰው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተገኘም። ብሩም ቀለጠ። እሱን እዚህ አላራዝመውም።

ጋሼን የጠቆመችኝ ልብስ የምሰፋላት ደንበኛዬ ናት። "ልጄን ማትሪክ ያሳለፉት እሳቸው ናቸው" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ተጠራጥሬ ነበር። የአሜሪካን ፈተና የአቶቴ ጡረተኛ ምን ያውቀዋል ብዬ። ይቅር ይበሉኝ።

ጋሼ ከ30 ዓመት በላይ ለማትሪክ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። ማትሪክ ላይ ደግሞ ካልኩሌተር አይገባም። የእህቴ ችግር የእሳቸው የዕድሜ ልክ ሥራ ነው! የመጀመሪያው ቀን በር ላይ እንደቆምን "ስልኩን ለእህትሽ ስጪያት" አሏት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። "ሲሳሳቱ ይቀነሳል?" አይቀነስም አለች። "እንግዲያው ባዶ የተውሽውን ጥያቄ እንዳላይ።"

የሚያስተምሩት በረንዳ ላይ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የላቸውም። ከመሥራቷ በፊት መልሱ በግምት የት አካባቢ እንደሚወድቅ ትናገራለች። የስበቱን ቁጥር 10 አድርጊው፣ የሁለትን ስኩዌር ሩት 1.4 በይው፣ ምርጫዎቹ ከተራራቁ እስከ መጨረሻው አትሥሪው። ሁለት ሰዓት እንዲህ ሲባል ይዋላል። እኔ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማለሁ። በአንድ ወር ውስጥ እኔም ማካፈል ተሻለኝ።

አንድ ቀን ግን አልረሳውም። ሌንስ ላይ ደርሰው ነበር። ጋሼ ፀሐይ ያስፈልገኛል አሉ። ክረምት ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ሦስት ቀን ጠበቅን። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ወጣችና ግቢው መሀል ጠሩን። የሚያነቡባትን መነጽር አወለቁ። አንድ ጎኗ በነጭ ክር የታሰረች ናት። "ይህቺን ያዢና ብርሃኑን ወረቀት ላይ ሰብስቢው" አሏት። ወረቀቱን መሬት አስቀመጠች። መነጽሯን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ብርሃኑ ሰፋ፣ ጠበበ፣ ከዚያ የምስር ፍሬ አከለ። "እዚያው! እንዳትነቃነቂ!" እኔ ሜትር ከቦርሳዬ አይጠፋም። ለካሁት። 40 ሴንቲ ሆነ።

"በሜትር ስንት ነው?"

"0.4።"

"አንድን ለ0.4 አካፍይ።"

እጇ ወደ ኪሷ ሄደ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"10 ለ4 ስንት ነው?"

"ሁለት ተኩል።"

ከደረት ኪሳቸው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። መነጽር ቤቱ የሰጣቸው ናት። ፕላስ 2.50 ይላል፣ ሁለቱም ዓይን። እህቴ ወረቀቷንም መነጽሯንም ይዛ ዝም አለች። መነጽር ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ቀመሩን በቃሏ ታውቀው ነበር። በእጇ ስታገኘው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ የራሷን እንድታወልቅ አዘዟት። የእሷ ማይነስ ነው። ወደ ላይ ብትል፣ ወደ ታች ብትል ብርሃኑ አልሰበሰብ አለ። ወረቀቱ ላይ ግራጫ ጥላ ብቻ ወደቀ፣ ዙሪያው ላይ ደመቅ ያለ ቀለበት። "ለምን?" አለች። "እሱን ነገ አንቺ ትነግሪኛለሽ" ብለው መነጽራቸውን ተቀብለው ገቡ። ማታ እራት ሳትበላ ስዕል ስትስል አመሸች። ማይነስ የሆነ መነጽር መሀል ያለውን ብርሃን እየበተነ ወደ ጠርዙ ይገፋዋል፣ ስለዚህ መሀሉ ይጨልማል፣ ዙሪያው ይደምቃል። ጠዋት ስትነግራቸው "እም" ብቻ አሉ። ከጋሼ "እም" ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ ፍቅር ሀይቅ ይዘዋት ወረዱ። ዓሣ በ4 ሜትር ጥልቀት ላይ ካለ ከላይ ቀጥታ ስታይው 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፣ ለምን? ውኃው ብርሃኑን ስለሚያጥፈው ነው። ሦስት አራተኛዋን በጭንቅላት ለማስላት የተሠራች የምትመስል ጥያቄ ናት። እኔ ግን የዚያን ቀን የማስታውሰው አሞራ ገደል የበላነውን ዓሣ ነው።

አሁን እውነቱን ልናገር፣ ጥቆማ ነውና። ጋሼ ይቆጣሉ። አሥር ደቂቃ ካረፈዳችሁ በሩ አይከፈትም። ቴሌግራም የላቸውም፣ በኦንላይን አያስተምሩም። ኬሚስትሪ ጠይቄያቸው "እሱ የሌላ ሰው እርሻ ነው" አሉኝ። ኦርጋኒኩን ብቻዋን ነው የተወጣችው። ለወላጅ ማባበያ ቃል የላቸውም። "ልጄ ታልፋለች?" ብትሏቸው "ትሥራ" ነው መልሱ። በሌላ በኩል ብር አስቀድመው አይቀበሉም፣ ክፍያቸውም መጀመሪያ ከከፈልነው ቦታ ግማሽ ነው።

እህቴ ተመልሳ ፈተናውን ወሰደች። ፊዚክስ 340 አመጣች። ማመልከቻውን በአንድ ቦታ ሞልተሽ ለብዙ ትምህርት ቤት ይላካል፣ ቀድሞ የገባው ደግሞ ቀድሞ ይታያል። እሷም አላቆየችም። ቃለ መጠይቁ ላይ ኦፕቶሜትሪን ለምን መረጥሽ ሲሏት ስለ ታቦር ዛፎችና ስለ ጋሼ መነጽር ነገረቻቸው። ደብዳቤው ሲደርሳት መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ አይደለም፣ ለእሳቸው ነው። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ግን ይገባቸዋል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ፍሬሽማን ገብቶ ጄነራል ፊዚክስ ያስጨነቀው ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ። በአንድ ጊዜ ከአምስት ልጅ በላይ አይቀበሉም። ከምሳ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን አትደውሉ፣ ተኝተው ነው የሚሆኑት።