የአያቶቼን ፎቶ ከድሮ ሲዲ ላወጣልን ባለሙያ ምስጋና

ይሄን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግነው ብቀር ቅር ይለኛል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ ጠበብ ያለች ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ዛሬ አልከፈት ያሉ የድሮ የፎቶ ፋይሎችን ወደሚከፈት ፎርማት ይቀይራል።

አሜሪካ ያለችው አክስቴ ድሮ የቤተሰቡን ነጋቲቮች ሰብስባ ኮዳክ ፎቶ ሲዲ ላይ አስጭናቸው ነበር። ኮዳክ ይህን ዲስክ ለገበያ ያወጣው በፈረንጆቹ 1992 ነው። ነጋቲቮቹ ከጊዜ በኋላ ጠፉ። የቀረን ዲስኩ ብቻ ነው። ውስጡ ያሉት ፋይሎች ፒሲዲ ይባላሉ፤ ስልክ ላይ ሞክሩት፣ አይከፈትም።

ከዚህ በፊት ሌላ ቤት ሰጥተን ጄፔግ ተደርጎ መጥቶልን ነበር። ሲታተም ግን ደብዘዝ ያለ ነው። አያቶቼ ለገሃር የአንበሳው ሐውልት ፊት የተነሱት ፎቶ ላይ፣ የሴት አያቴ ነጠላ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ይመስል ነበር።

ይሄ ልጅ ዲስኩን አስገብቶ አየና «እህቴ፣ ትልቁ እያለ ማነው ትንሹን ያወጣላችሁ?» አለኝ። ለካ አንድ የፒሲዲ ፋይል ውስጥ ያው ፎቶ በተለያየ መጠን ተቀምጧል። አንዳንድ ፕሮግራም ዝም ከተባለ 768 በ512 ፒክስሉን ብቻ አውጥቶ ያቆማል። የእኛ ዲስክ ላይ ግን 3072 በ2048ም አለ። በፒክስል ብዛት 16 እጥፍ ማለት ነው!

የነጠላውንም ነገር አስረዳኝ። ፎርማቱ ከተለመደው ነጭ በላይ የደመቀ ብርሃንም ይይዛል። የሚቀይረው ፕሮግራም ይህን ካላወቀ ያን ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ያደርገዋል። ልጁ ብርሃኑን ሲያስተካክለው የነጠላው እጥፋት ወጣ፣ ጥበቡ ወጣ፣ ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት ሳይቀር ታየ። እናቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ «የእማዬ ቀለበት!» አለች። እኔ አያቴ ቀለበት እንደነበራት እንኳን አላውቅም ነበር።

ደግሞ ፊታቸውን ላሳምር፣ ላጥራ አላለም። እንዳሉ ነው የሰጠን። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉንም በሁለት ዓይነት ፎርማት አደረገልን፤ ቲፍ የሚባለው ለማስቀመጫ፣ ጄፔጉ ለመላላኪያ። ጄፔግ እየተስተካከለ ደጋግሞ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ቴሌግራም ላይም በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፤ አለዚያ ያሳንሰዋል። ዲስኩ ተጭሮ ያልተነበቡትን ፎቶዎች ደግሞ ሂሳብ ውስጥ አላስገባብንም።

እኛ እዚያ እያለን አንዲት ልጅ አይፎን ያነሳው ፎቶ የማመልከቻ ፎርም ላይ አልጫን ብሏት መጣች። ሄይክ የሚባለው ፎርማት ነው። እሱን ቀይሮላት፣ ለወደፊቱም ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ገብታ «ሞስት ኮምፓቲብል» እንድታደርገው አሳያት። አላስከፈላትም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናቴም መርቃሃለች።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዲስክ ያላችሁ አታቆዩት፤ ዲስክም ያረጃል። ስልኩን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ። ብቻውን ስለሚሠራ ደውላችሁ ሂዱ። ስትሄዱም ሌላ ቦታ የተቀየረውን ሳይሆን ዋናውን ዲስክ ያዙ።