በጅማ እየተሸጠች ያለችው «መብራት ቆጣቢ» ሳጥን፦ እንዳትገዙ

የጅማ ልጆች፣ ሐሙስ ገበያ የምትወጡ በተለይ ይህን አንብቡ። የመዳፍ ያህል የምትሆን፣ ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ አረንጓዴ መብራት ያላት ነጭ ሳጥን «የመብራት ሂሳብ በግማሽ ትቀንሳለች» እየተባለች በ1,500 ብር እየተሸጠች ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም እየተለፈፈላት ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ጎረቤት ገዛ ብሎ የሚገዛው በዝቷል።

ሻጩ ብልጥ ነው። ቬንትሌተር ያዞራል፣ ገመዱ ላይ የአምፔር (በገመዱ የሚያልፈው ከረንት መጠን) መለኪያ ያደርጋል፣ ከዚያ ሳጥኗን ይሰካል። ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል! ደግሞ እውነቱን ነው፣ መለኪያው አልተነካካም። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሞተር ያለው ዕቃ ከመስመሩ እየወሰደ መልሶ የሚለቀው ከረንት አለ። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአፍታ አጠራቅሞ የሚለቅ ትንሽ ዕቃ፣ አጠገቡ ሲሰካ ምልልሱ እዚያው በሁለቱ መካከል ስለሚያልቅ በገመዱ የሚያልፈው አምፔር ይቀንሳል። የቤታችን ቆጣሪ ግን ያንን ምልልስ ድሮም አያስከፍለንም፤ የሚቆጥረው በእርግጥ የተበላውን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ የወረደው ቁጥር ከኪሳችን ጋር አይተዋወቅም። ብዙ የሚበላብን ምጣድና ምድጃ ደግሞ ሽቦ አግሎ ከማሞቅ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለው ምልልስ የሚባል ነገር እንኳ የለበትም።

አንዲት የሰፈራችን እናት ገዝተው «እስቲ እየው ልጄ» ብለው ሰጡኝና ፈታሁት። አንድ ካፓሲተር፣ ጥቂት ሬዚስተርና ዳዮድ፣ አረንጓዴዋ መብራት፤ በቃ። ፊውዝ እንኳ የለውም። ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቤት እንዲህ ያለ ርካሽ ካፓሲተር ሌት ተቀን ተሰክቶ ሲውል ሊግልና ሊፈነዳም ይችላል።

ተታላዩ የገበያ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኢራቅ መንግሥት ኤዲኢ 651 የሚባል «ፈንጂ ጠቋሚ» በሚሊዮኖች ዶላር ገዝቶ በባግዳድ ኬላዎች ወታደሮቹን አስይዞ ነበር። ባትሪ የለውም፤ እጀታ ላይ የተሰካ አንቴና ነው። መነሻው የጎልፍ ኳስ ፈልጎ ያገኛል ተብሎ በ20 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረ ማላገጫ ነው። ሻጩ እንግሊዛዊው ጄምስ ማኮርሚክ በ2013 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ 10 ዓመት ተፈረደበት። መንግሥት እንኳ ከተሸወደ የእኛ እናቶች ቢሸወዱ ምን ይገርማል?

ካላመናችሁኝ ራሳችሁ ሞክሩት። አዲሱ ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንቴ እንደምትበራ ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1600 ካለ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ 1,500 ዋት ምድጃ ብቻ ስታበሩ በደቂቃ 40 ጊዜ ገደማ ትበራለች። ሳጥኗን ሰክታችሁ እንደገና ቁጠሩ፤ ቁጥሩ አይቀንስም። ይህን ለሻጩ ብነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ? «መስመሩን እስክትለምድ ሦስት ወር ትፈልጋለች!» በሦስት ወር ውስጥ እሱ የት እንደሚሆን እንግዲህ እናንተ ገምቱ።

ደረሰኝ አይሰጥም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች መብት ቢሰጥም፣ ያለ ደረሰኝና ያለ አድራሻ ማንን ይዛችሁ ትከሳላችሁ? ሂሳብ መቀነስ የፈለገ የ60 ዋት አምፖሉን በ9 ዋት ኤልኢዲ ይቀይር፤ ምጣዱ አንዴ ከጋለ እንጀራውን በተከታታይ ጋግሮ ይጨርስ።

የገዛችሁም ካላችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት። ግን ወዲያው በካቻቢቴ አትክፈቱት፣ ካፓሲተሩ ከተነቀለም በኋላ ሊነዝር ይችላል።