ለንደን ላላችሁ እናቶች፦ ይቺን የነርሰሪ ማናጀር እወቁልኝ

ሰሜን ለንደን ያለችውን የልጄን ነርሰሪ ማናጀር በአደባባይ ሳላመሰግናት ብቀር ይቆጨኛል። አማርኛ አታነብም፤ እናንተ ግን እወቁልኝ።

ነገሩን ላልሰማችሁ፦ እንግሊዝ አገር በሳምንት 30 ሰዓት ነፃ ነርሰሪ ድሮ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ብቻ ነበር። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ግን ወላጆች የሚሠሩ ከሆነ፣ ልጁ 9 ወር ከሞላው በኋላ ካለው ተርም (የትምህርት ወቅት) ጀምሮ ይሰጣል። ብቻዋን የምታሳድግም እሷ ከሠራች ይገባታል። እኔ ኬር ሆም ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ አውቶብስ ይነዳል። ልጃችንን በር ላይ እየተቀባበልን፣ አንድ ማዕድ አብረን ሳንበላ ነው የከረምነው። ዜናውን ስንሰማ እልል ነው ያልኩት።

መጀመሪያ ያስገባናት ቦታ ግን ደስታችንን ቀማን። ስሙን አልጠራም። «ነፃ ነው» ብለው ተቀበሉን፣ ወሩ ሲያልቅ ሂሳብ መጣ። የምግብ፣ የዳይፐር፣ ደግሞም «ተጨማሪ» የሚል፣ ምን እንደሆነ ያልተጻፈ። ስጠይቅ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሁሉም ይከፍላል» አለችኝ። ለገና ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ክፍያ። ደመወዜ እዚያው ገብቶ ይቀራል። ሥራዬን ልተው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ባለቤቴ ያውቃል።

አሁን ያለንበት ቦታ የሄድኩት ከሺፍት ወጥቼ፣ ሊዘጉ ሲሉ ነው። ማናጀሯ ኮቷን ለብሳ ቁልፍ ይዛለች። ፊቴን አየችና ኮቷን መልሳ ሰቀለችው። ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ኮዳችንን፣ ማለት ለነፃ ሰዓቱ መንግሥት የሚሰጠውን ቁጥር፣ ኮምፒውተሯ ላይ አየች፤ ሊያበቃ ጥቂት ቀን ነው የቀረው! በየ3 ወሩ መታደስ እንዳለበት እስከዚያ ድረስ የነገረኝ ሰው የለም። ስልኬን አስወጥታ፣ የት የት እንደምነካ እያሳየችኝ እዚያው አሳደሰችኝ። እንዴት እንደሆነ አሁንም አልገባኝም፣ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወረቀት አምጥታ ጻፈችልኝ። 30 ሰዓቱ ለ38 ሳምንት ነው፣ በዓመት 1140 ሰዓት። ዓመቱን ሙሉ ከተከፋፈለ በሳምንት 22 ሰዓት ገደማ ይመጣል፣ ሲዘጋም ድንገተኛ ሂሳብ የለም። የምግቡም ክፍያ ግዴታ አይደለም፣ «ምሳዋን ከቤት ላኪ» አለችኝ። ይኸው ልጄ ፍርፍሯን ተቋጥሮላት ትሄዳለች። ያቺን ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፌአታለሁ። እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት፣ እንደ እናት ነው የሆነችልኝ።

እህቶቼ፣ አትዘናጉ። ኮዱን ተርሙ ሳይጀምር አውጡ፤ የመጨረሻዎቹ ቀኖች ኦገስት 31፣ ዲሴምበር 31 እና ማርች 31 ናቸው። ሥራ የሌላችሁም ብትሆኑ፣ ከ3 ዓመት በላይ ላለ ልጅ በሳምንት 15 ነፃ ሰዓት ለሁሉም አለ፣ አትተዉት። ግር ካላችሁ ካውንስላችሁ ደውላችሁ የቤተሰብ መረጃ ክፍሉን ጠይቁ።

የማናጀሯን ስም ሳላስፈቅዳት እዚህ አላወጣም። ሰሜን ለንደን ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልክላችኋለሁ፤ ካስፈለገም አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ እርጉዞችም ብትሆኑ ከአሁኑ ተመዝገቡ።